ሕመምን ስለሚያስታግሰው የሕንድ ዘይትና መታሸት ስለማይገባው ሕመም

ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያርስ፥ ሲያጭድና ሸክም ሲሸከም ውሎ ወደ ማታ ወገቡን ሲቆረጥመውና ጉልበቱ እንቢ ሲለው፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው የሚያሸውን እጅ ነው። ይህም በአንድ አገር ብቻ ያለ ልማድ አይደለም። በኢትዮጵያ ወጌሻ ለጋ ቅቤ ይዞ ያሻል፤ በሕንድ አገር ደግሞ የባህል ሐኪሞች በመድኃኒት የተነጠረ የሞቀ ዘይት ያሻሉ። የሕንዶቹ ሥራ በመጻሕፍት ተጽፎ፥ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እየተላለፈ ብዙ መቶ ዓመት የኖረ ስለ ሆነ፥ ከእርሱ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው መታሸት የሚጠቅምበትን ማወቅ ነው፤ ሁለተኛውና የሚበልጠው ግን የትኛው ሕመም መታሸት እንደማይገባው መለየት ነው። የመጀመሪያውን ያላወቀ ሰው ጥቂት ምቾት ይቀርበታል፤ ሁለተኛውን ያላወቀ ግን ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ ክፍል፤ የዘይቱ አገርና ትምህርቱ

ሕንዶች የቀድሞ ሕክምናቸውን አዩርቬዳ ይሉታል። በሳንስክሪት ቋንቋ አዩስ ሕይወት፥ ቬዳም ዕውቀት ማለት ስለ ሆነ፥ ትርጓሜው የሕይወት ዕውቀት ነው። ከመጻሕፍቱም ዋናዎቹ በቻራካ፥ በሱሽሩታና በቫግባታ ስም የሚጠሩት ናቸው። በእነዚህ መጻሕፍት ሰውነትን በዘይት ማሸት አብያንጋ ይባላል፤ ለታመመ ሰው ብቻ ሳይሆን ለጤነኛውም የየዕለት ልማድ እንዲሆን ታዟል።

ሊቃውንቱ በሰው ሰውነት ውስጥ ቫታ፥ ፒታና ካፋ የሚባሉ ሦስት ኃይሎች አሉ ብለው ያስተምራሉ። ቫታ እንደ ነፋስ ቀዝቃዛ፥ ደረቅና ተንቀሳቃሽ ነው፤ የወገብና የጉልበት ቁርጥማትም ብዙ ጊዜ ከእርሱ መብዛት ይመጣል ይላሉ። የሞቀ ዘይት ግን ለስላሳና ርጥብ ስለ ሆነ የቫታን ብርድና ድርቀት ያሸንፋል ብለው አሰቡ። ይህ አከፋፈል በዛሬው ሳይንስ የተረጋገጠ አይደለም። ነገር ግን በብርድ ጊዜ የሚጠናው ቁርጥማት በሙቀት እንደሚላላ ማስተዋላቸው መልካም ማስተዋል ነው።

ለዚህ ሥራ ከሁሉ የተመረጠው የሰሊጥ ዘይት ነው። ሳንስክሪት ዘይትን ታይላ ይለዋል፤ ቃሉም የወጣው ቲላ ከሚለው ስም ነው፤ ቲላ ማለት ሰሊጥ ነውና። በግዕዝም ዘይት የሚለው ቃል የወይራ ዛፍ ስም እንደ ሆነ፥ ደብረ ዘይትም የወይራ ተራራ ማለት እንደ ሆነ የታወቀ ነው። እንግዲህ ሁለቱም ቋንቋዎች ዘይትን በሚወጣበት ፍሬ ስም ጠርተውታል። ሰሊጥ በኢትዮጵያም በሑመራና በመተማ ቆላ በብዛት ይዘራል። ዘይቱ በውስጡ ሰሳሞልን የመሰሉ ከመበላሸት የሚጠብቁ ነገሮች ስላሉት ቶሎ አይበላሽም። ደግሞም ሕንዶች ስኔሃ የሚሉት ቃል ሁለት ትርጓሜ አለው፤ ቅባትም ፍቅርም ማለት ነው።

ይህ ሕክምና እስከ ዛሬ ጸንቶ ከሚገኝባቸው አገሮች አንዱ በሕንድ ደቡብ ምዕራብ በባሕር ዳር ያለው ኬራላ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ካስተማሩት ሕንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ ከዚህ አገር የመጡ ስለ ነበሩ፥ ስሙ ለሽማግሌዎች እንግዳ አይደለም። በዚያም በኮታካል ከተማ ቫሪየር የተባሉት ሐኪም በ1902 አርያ ቫይድያ ሳላ የተባለውን የመድኃኒት ቤት አቋቋሙ፤ ቤቱም እስከ ዛሬ ይሠራል። የኬራላ ሰዎች በዝናብ ወራት፥ ካርኪዳካም በሚሉት ወር በዘይት መታሸትን ያዘወትራሉ፤ ይኸውም በኢትዮጵያ ከሐምሌ 10 ቀን ገደማ እስከ ነሐሴ 10 ቀን ገደማ ያለው ጊዜ ነው።

2ኛ ክፍል፤ ዘይቱ እንዴት እንደሚነጠር

ሕንዶች የመድኃኒት ዘይት የሚያዘጋጁት በልክ ነው። የተለመደው ሥርዓት 1 እጅ የተወቀጠ መድኃኒት፥ 4 እጅ ዘይትና 16 እጅ ሥር የተቀቀለበት ውኃ በአንድነት ጨምሮ፥ ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ በዝግታ እሳት ማብሰል ነው። ኮታምቹካዲ የሚባለው የታወቀ ዘይት ስሙን ያገኘው ኮታም ከሚባል ሥርና ቹኩ ከሚሉት ከደረቀ ዝንጅብል ነው። ከእነዚህም ጋራ ነጭ ሽንኩርት፥ ሰናፍጭ፥ የሽፈራው ወገን የሆነ ዛፍ ልጥ፥ የሁመር ቅጠል ጭማቂና እርጎ ይገቡበታል።

ዘይቱ መብሰሉ የሚታወቀው እንዲህ ነው። ከዝቃጩ ጥቂት አንሥተው በጣቶቻቸው መካከል ያሹታል፤ እንደ ጧፍ ክር ከተጠቀለለ፥ እሳት ላይም ቢጥሉት ሳይንጣጣ ከነደደ፥ ውኃው አልቋል ማለት ነው። ቅቤ የምታነጥር ሴት የድስቱ ድምፅ ጸጥ ሲል ውኃው እንዳለቀ እንደምታውቅ ያለ ነው። ውኃ የቀረበት ዘይት ቶሎ ይበላሻልና።

ነገር ግን ባህላዊ መባሉ ብቻ መድኃኒትን ንጹሕ አያደርገውም። በ2004 በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ አካባቢ የሚሸጡ 70 የሚዋጡ የአዩርቬዳ መድኃኒቶች ተመርምረው፥ በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፥ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል፤ እነዚህም መርዞች ናቸው። ስለዚህ ለማሻ የተሠራ ዘይት ለመጠጥ አይሆንም፤ ማን እንደ ሠራው ያልታወቀውንም መግዛት አይገባም።

3ኛ ክፍል፤ ዘይቱ ሕመሙን ስለ ምን እንደሚያቀል

ዘይቱን የተቀባ ሰው ሙቀት የሚሰማው ዘይቱ በእሳት ስለ ሞቀ ብቻ አይደለም። በ1997 ዴቪድ ጁሊየስ የተባሉት የአሜሪካ ሊቅና ባልደረቦቻቸው በነርቭ ጫፍ ላይ ሙቀትን የሚለይ አንድ በር የመሰለ ነገር አገኙ። ይህም በር በእሳት ሙቀት ብቻ ሳይሆን በበርበሬ ውስጥ ባለው በሚያቃጥለው ነገርም ይከፈታል። ካምፎርና ዝንጅብልም እንዲሁ ይነኩታል። ስለዚህ ቆዳው በእውነት ሳይግል ነርቩ ለአንጎል ሙቀት መጣ ብሎ ይናገራል። አርደም ፓታፑቲያን የተባሉት ሌላው ሊቅ ደግሞ ነርቭ የመጫንን ኃይል የሚለይበትን በር አገኙ፤ ሁለቱም በ2021 የኖቤልን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። ሙቀትና የእጅ መጫን፥ ሕንዶች በዘይት ማሸት ውስጥ ያገናኟቸው ሁለቱ ነገሮች፥ በአንድ ሽልማት ተገናኙ።

መታሸት ሕመምን ስለ ምን እንደሚያስታግስም ሜልዛክና ዎል የተባሉት ሊቃውንት በ1965 አሳብ አቅርበዋል። እንደ እነርሱ አሳብ፥ የመዳሰስ ስሜት በአከርካሪ ውስጥ ሲያልፍ ለሕመሙ ስሜት መንገዱን ያጠብበታል። ክርኑን ግድግዳ የመታው ሕፃን ወዲያው ክርኑን የሚያሸው ስለዚህ ነው።

ጥቅሙ ግን ልክ አለው። በ2018 በታተመ የአሜሪካ ምርመራ፥ ጉልበታቸው በዕድሜ ብዛት የተበላሸባቸው 222 ሰዎች ተመርምረው ነበር። እስከ 8 ሳምንት ድረስ በየሳምንቱ የታሹት፥ ካልታሹት ይልቅ ሕመሙ ቀሎላቸው ተገኘ። ከአንድ ዓመት በኋላ ግን በታሹትና ባልታሹት መካከል ልዩነት አልታየም። እንግዲህ መታሸት የተበላሸውን መገጣጠሚያ አያድስም፤ ሕመሙን ለጊዜው ያስታግሣል። ይህም ለደከመ ሰው ጥቂት ነገር አይደለም።

4ኛ ክፍል፤ የአስተሻሸት ሥርዓት

ዘይቱ በዕቃ ሆኖ በሞቀ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ ይሞቃል እንጂ በእሳት ላይ አይጣድም። ከመቀባቱ አስቀድሞ የሚያሸው ሰው በራሱ አንጓ ላይ ጥቂት ጠብ አድርጎ ሙቀቱን ይፈትናል። ቅመም ያለበት ዘይት እንደ ሆነ ደግሞ በታማሚው ክንድ ላይ ጥቂት ተቀብቶ እስከ ማግሥቱ ይጠበቃል፤ ቆዳው ካሳከከው ወይም ከቀላ ይተዋል።

እጅና እግር በረጅሙ፥ መገጣጠሚያዎች ግን በዙሪያቸው ክብ እየተደረገ በዝግታ ይታሻሉ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። የሚያሸው ሰው ኃይሉን ሊያሳይ አይገባውም፤ ታማሚው ጥርሱን ከነከሰ ማሸቱ በዝቷል ማለት ነው። ከዚያም በኋላ ለብ ባለ ውኃ መታጠብ ይገባል፤ ዘይት የነካ እግር ያንሸራትታልና ሽማግሌ ሰው ወድቆ እንዳይሰበር ደጋፊ ያሻዋል። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ከእሳት አጠገብ አይቀመጥም። ካምፎር ያለበት ዘይት ለሕፃናት አይቀባም፤ ቢውጡትም ያንዘፈዝፋቸዋልና ከእጃቸው መራቅ አለበት።

5ኛ ክፍል፤ መታሸት የማይገባው ሕመም

የሕንድ ሊቃውንት ዘይትን እንዲህ ቢያከብሩትም ለሁሉ ሕመም አላዘዙትም። ማድሃቫ የተባለው ሊቅ በመጽሐፉ አማቫታ ስለሚባል ደዌ ለብቻው ጽፏል፤ ይኸውም ትኩሳት ያለበት የመገጣጠሚያ እብጠት ነው። ለዚህ ደዌ በጥንቱ ሥርዓት መጀመሪያ የሚታዘዘው በጨርቅ የተቋጠረ የሞቀ አሸዋ እንጂ ዘይት አልነበረም። ዛሬ እንዲህ ላለው ሕመም አሸዋውም ዘይቱም አይበቃም፤ ሐኪም ያስፈልገዋል። ሆኖም አንድ ሐኪም እጅግ የሚወደውን መድኃኒት በሚከለክልበት ስፍራ መከልከሉ ትልቅ ዕውቀት ነው።

መታሸት የማይገባቸው ሕመሞች እነዚህ ናቸው።

1ኛ. የተሰበረና የወለቀ አጥንት። አካሉ ቅርጹን ከለወጠ ወይም ታማሚው ሊቆምበት ካልቻለ፥ እንዳይንቀሳቀስ ተደግፎ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል። አጥብቆ ማሰር ደሙን ከልክሎ እጅንና እግርን እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል።

2ኛ. የአንድ እግር ባት በድንገት ሲያብጥና ሲታመም፤ ይልቁንም በአራስ ሴት ወይም ብዙ ቀን በተኛ ሰው ላይ። በደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ እንደ ሆነ፥ ማሸት የረጋውን ደም ነቅሎ ወደ ሳምባ ሊልከው፥ ሰውየውንም በድንገት ሊገድለው ይችላል።

3ኛ. የቀላ፥ ያበጠና የሚያቃጥል መገጣጠሚያ ከትኩሳት ጋራ። በውስጡ መግል ሊኖር ይችላል፤ ቢዘገይም መገጣጠሚያው ይጠፋል።

4ኛ. እግርን የሚያልም ወይም ሽንት መቈጣጠርን የሚከለክል የወገብ ሕመም።

5ኛ. ቁስልና የተቃጠለ ቆዳ።

ከእነዚህ በሦስተኛው ረድፍ መምህራን እጅግ ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ደዌ አለ፤ በትምህርት ቤት ልጆች ላይ ይገኛልና። አንድ ልጅ ጉሮሮውን ታሞ ይድናል። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ይይዘውና ጉልበቱ ያብጣል፤ ጉልበቱ ሳይውል ሳያድር ሲሻለው ሕመሙ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ወይም ወደ ክርኑ ይዛወራል። ይህ የልጅ ቁርጥማት በሚገባ ካልታከመ የልብን በሮች ያበላሻል። የመገጣጠሚያው ሕመም ግን ባይታሽም እንኳ በራሱ ጊዜ ይለቃል። ተንኮሉ ይህ ነው። ልጁ በዘይት ወይም በቅቤ ታሽቶ እንደ ሆነ፥ ጉልበቱ ሲድን ያሸው እጅ ይመሰገናል፤ ወላጆቹም ደስ ብሏቸው ልጁን ወደ ከብት ጥበቃው ይመልሱታል። ልቡ ግን ማንም ሳያውቅ ተጎድቷል። ከዓመታት በኋላ ዳገት መውጣት ሲያቅተውና ትንፋሽ ሲያጥረው የቀድሞውን የጉልበት ሕመም የሚያስታውስ የለም። በጊዜው ሐኪም ያየው ልጅ ግን ፔኒሲሊን እየተሰጠው ደዌው እንዳይመለስበት ሊጠበቅ ይችላል።

ስለዚህ መምህር ጉሮሮውን ታሞ የሰነበተ ልጅ ሲያነክስ ባየ ጊዜ፥ ወላጆቹን ጠርቶ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ሊመክራቸው ይገባል። የአገር ሽማግሌም የወጌሻውን ሙያ ሳይነቅፍ፥ ትኩሳት ያለበትን ልጅ ከማሸቱ በፊት ወደ ሐኪም እንዲልክ ቢያስማማው ለመንደሩ ትልቅ በጎ ሥራ ሠርቷል። በሥራ የደከመ ወገብ፥ በብርድ የተያዘ ትከሻና ዕድሜ የተጫነው ጉልበት ይታሹ፤ የሞቀ ዘይትና የራራ እጅ ያሳርፏቸዋል። ትኩሳትና እብጠት ያለበት ግን ዘይቱ ይቆየው፤ መንገዱ ወደ ሐኪም ነው።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. አዩርቬዳ ማለት ምን ማለት ነው?
2. በሳንስክሪት የዘይት ስም ከየትኛው ፍሬ ስም ወጣ?
3. 1 እጅ መድኃኒት በስንት እጅ ዘይትና በስንት እጅ ውኃ ይበስላል?
4. ካምፎር ሲቀቡት ሳይግል የሚያሞቅ የሚመስለው ስለ ምንድር ነው?
5. መታሸት የማይገባቸውን አምስት ሕመሞች ቍጠሩ።
6. ጉሮሮውን ታሞ ከዳነ በኋላ ጉልበቱ ያበጠ ልጅ በመንደራችሁ ቢገኝ ለወላጆቹ ምን ትነግሯቸዋላችሁ?