«ነገሠ» እና «አነገሠ»

ተማሪዎች ሆይ፣ ግስ ያለ ባለቤት እንደማይቆም ታውቃላችሁ። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው የአንድ ግስ ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ የመንግሥት ጉዳይ የሆነበትን ጊዜ ነው።

የመንዝ ምድር ከጥንት ጀምሮ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ ይከፈላል። መሐል ሜዳ የምትገኘው በጌራ ምድር ነው። በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነጋሢ የተባለው የመንዝ ሰው አካባቢውን በእጁ አድርጎ የሸዋን ገዥዎች የዘር ሐረግ ጀመረ። ዘሮቹ ለብዙ ጊዜ «መርዕድ አዝማች» ይባሉ ነበር። ይህ ማዕርግ በጎንደር ያለውን ንጉሠ ነገሥት በስም አይጋፋም፤ በተግባር ግን ግብሩም፣ ፍርዱም፣ ጦሩም በሸዋ ይቀር ነበር። ሣህለ ሥላሴ (1805–1840 ዓ.ም.) ግን «ንጉሥ» ተባሉ። ያነገሣቸው የበላይ ስላልነበረ «ነገሡ» እንላለን።

«ነገሠ» ተሳቢ አይሻም፤ ባለቤቱ ብቻውን ይበቃዋል። «አነገሠ» ግን ሁለት ሰዎችን ይፈልጋል፤ አንዱ አንጋሽ፣ ሁለተኛው ተሳቢ ነው።

በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ፤ ወጣቱን ምኒልክንም ወደ መቅደላ ወሰዱ። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ሸዋ ገቡና ራሳቸውን «ንጉሠ ነገሥት» ማለት ጀመሩ። በ1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በአክሱም በዚሁ ማዕርግ ነገሡ። አንድ ማዕርግ ለሁለት ሰው ሆነ። በ1870 ዓ.ም. የዮሐንስ ሠራዊት በወሎ አልፎ መንዝ ደረሰ። በዚያ ዘመን ሠራዊት በሰፈረበት የሚበላው የገበሬውን እህል ስለ ነበረ፣ የማዕርጉ ጠብ ለመንዝ ሰው የጎተራ ጉዳይ ነበር።

ታላቅ ጦርነት ሳይደረግ ሁለቱ በመጋቢት ወር በደብረ ብርሃን አጠገብ በልቼ ተስማሙ። ምኒልክ ድንጋይ ተሸክመው ቀረቡ ይባላል። «ንጉሠ ነገሥት» መባልን ተዉ፤ ሊገብሩና የጦር ስንቅ ሊሰጡ ተስማሙ። ዮሐንስም የሸዋ ንጉሥ አድርገው አነገሧቸው። ሸዋ ከምኒልክ እጅ አልወጣችም፤ የተለወጠው የግሱ ባለቤት ነው።

ዮሐንስ ሸዋን ለምን ጨርሰው አልወሰዱም? ኃይላቸውና የሩቅ አገር አስተዳደር ችግር አንድ ምክንያት ነው፤ ሌላው ምክንያት በማዕርጉ ውስጥ ያለ ይመስለናል። «ንጉሠ ነገሥት» ተናባቢ ነው፤ የ«ንጉሥ» የመጨረሻ ፊደል ከሳድስ ወደ ግዕዝ ተለውጦ ከ«ነገሥት» ጋር ይናበባል። «ነገሥት» ደግሞ ብዙ ቁጥር ነው። በታች ነገሥታት ከሌሉ ማዕርጉ ባዶ ነው። ዮሐንስ በ1873 ዓ.ም. የጎጃሙን ተክለ ሃይማኖትንም አነገሡ። ሁለቱ ነገሥታት በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ሲዋጉ ግን የበላይነቱ በስም ብቻ አለመሆኑ ታየ፤ ከምኒልክ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ወሰዱባቸው። ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ሲወድቁ ምኒልክ በልቼ የተዉትን ማዕርግ መልሰው ያዙ፤ ጸሐፊውም እንደገና «ነገሡ» ሊል ቻለ።

መልመጃ፦ «ሾመ»፣ «ተሾመ»፣ «ገበረ»፣ «አስገበረ» በሚሉት ግሶች ስለ ልቼ ዓረፍተ ነገር ሥሩ፤ በእያንዳንዱም ባለቤቱን አመልክቱ። ከዚያም የልቼን ስምምነት አንድ ጊዜ የሸዋ ጸሐፊ፣ ሌላ ጊዜ የዮሐንስ ጸሐፊ ሆናችሁ በሁለት አንቀጽ ጻፉ። ፍሬ ነገሩን አትለውጡ፤ ግሶቹን ብቻ ምረጡ።