ሕፃናትን በቤት ውስጥ ፊደል ስለ ማስተማር



ሕፃናት ተሰብስበው «ሀ ሁ ሂ» እያሉ በዜማ ሲቆጥሩ መስማት ደስ ያሰኛል። ሆኖም ዜማው ካበቃ በኋላ በፊደል ገበታው መካከል ወደ አንዱ ፊደል አመልክተን «ይህ ማን ይባላል?» ብለን ብንጠይቅ፣ ከመጀመሪያው ጀምረው እየቆጠሩ ካልደረሱበት በቀር መልስ የሚያጡ ብዙዎች ናቸው። እንዲህ ያለው ሕፃን ፊደሉን በጆሮው ይዞታል እንጂ በዓይኑ አላወቀውም። ትምህርት ቤት ገብቶ መጽሐፍ በተሰጠው ጊዜም ንባብ ይከብደዋል፤ ያለ ጥፋቱ «ሰነፍ» ይባላል። ስለዚህ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያሉ ልጆች በቤታቸው ፊደልን መለየት እንዴት እንደሚጀምሩ እንመለከታለን።

አባቶቻችን ይህን ችግር ያውቁት ነበር። ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳን ያስቈጥሩ ነበር፤ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲባል የፊደሉ ተራም የድምፁም ደረጃ አብረው ስለሚለዋወጡ፣ ተማሪው የእያንዳንዱን መልክ ለማየት ይገደዳል። በ1907 እ.ኤ.አ. በሮም የሕፃናት ቤት የከፈቱት ሐኪሟ ማሪያ ሞንቴሶሪም ከሸካራ ወረቀት የተቆረጡ ፊደላትን ልጆች በጣታቸው እየዳሰሱ ድምፁን እንዲናገሩ ያደርጉ ነበር። እንግዲህ ዓይን፣ ጆሮና እጅ ሲተባበሩ ትምህርቱ ይጸናል ማለት ነው።

1ኛ. በእጅ መሥራት። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለሕፃን ማሸከም አይገባም። ከሊጥ ወይም ከጭቃ «በ»ን እንሥራለት። በቀኝ እግሩ ወገብ ላይ ቁራጭ ብንለጥፍ «ቡ» ይሆናል፤ ቁራጩን ወደ እግሩ ግርጌ ብናወርደው «ቢ»፣ ቀለበት አድርገን ብናዞረው «ቤ» ይሆናል። ቁራጩን አንሥተን የግራ እግሩን ብናሳጥር «ባ»፣ በአንጻሩ የቀኙን ብናሳጥር «ቦ» እናገኛለን። «ሰ» እና «ከ»ም በዚሁ ሥርዓት ይሄዳሉ። ሳድስ ግን አንድ ወጥ ደንብ ስለሌለው ለኋላ ይቆይ።

2ኛ. በጣት መጻፍ። በትሪ ላይ አሸዋ በስሱ ነስንሰን ልጁ በጣቱ ይጻፍ። ቢሳሳት ትሪውን ነቅነቅ ማድረግ ይበቃል። እርሳስ ለመያዝ ጣቶቹ ገና ስላልጠነከሩ አናስገድደው።

3ኛ. መጽሐፍ ማዘጋጀት። ያረጀ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት አጥፈን በመርፌና በክር ብንሰፋው መጽሐፍ ይሆናል። በየገጹ አንድ ሥዕልና አንድ ፊደል ይኑር። የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ አድርጎ ስለሚይዝ፣ ሥዕሉ በትክክል በዚያው ድምፅ ይጀምር። ላም ሥለን «ለ» ብንጽፍ ልጁ ይደናገራል፤ ለላም «ላ»፣ ለበግ «በ»፣ ለዶሮ «ዶ»፣ ለቤት «ቤ» ይጻፍ። ስናነብለትም ልጁን በጭናችን አስቀምጠን ከግራ ወደ ቀኝ በጣታችን እንከተል።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ባቄላና አተር በካርቶን ላይ ለጥፎ ፊደል መሥራት የተለመደ ቢሆንም፣ ሕፃናት ጥሬውን ወደ አፍና ወደ አፍንጫ ስለሚከቱ ለትንንሾች አይሰጥ። ለአንድ ጊዜ ዐሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ልጁ ሲሰለች ማቆም እንጂ መቆጣት አይገባም። በዱላ የተማረ ልጅ ፊደሉንና ዱላውን አብሮ ያስታውሳልና።

«እኛ ራሳችን ማንበብ አንችልም» የሚሉ ወላጆች አሉ። እነርሱም ቢሆኑ ሊጡን ያቦካሉ፣ ተረቱን ይተርካሉ፤ ፊደሉን ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ያሳያል፤ ወላጁም አብሮ ይማራል። በውጭ አገር ለሚኖሩ ቤተሰቦች ደግሞ ጉዳዩ የበለጠ ያሳስባል፤ በጎዳናውም በትምህርት ቤቱም የግእዝ ፊደል ስለማይገኝ፣ ቤታቸው ካላስተማረ ልጁ ከአያቱ የተላከለትን ደብዳቤ ማንበብ አይችልም።

ካቴኪስቶችም በበኩላችሁ ፊደል ስታስቈጥሩ አልፎ አልፎ ተራውን አፋልሳችሁ ጠይቁ፤ ማን በዓይኑ እንደሚያውቅ ወዲያው ይለያል። ወላጆች ሆይ፣ በዚህ ሳምንት ከልጃችሁ ስም የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ መርጣችሁ አብራችሁ ሥሩት። ልጁ ያን ፊደል በሌላ ስፍራ አይቶ «የእኔ ነው» ባለ ጊዜ ንባብ ተጀምሯል።