ባንድ እግር ሲቆሙ የዳሌ ኃይልና ጽናት እንዴት ይለካል?

ሰው ሲራመድ በሁለት እግሩ የሚሄድ ይመስለዋል እንጂ፥ ከርምጃው ጊዜ አብዛኛውን የሚያሳልፈው ባንድ እግሩ ቆሞ ነው። ሁለተኛው እግር ካየር ላይ ሳለ ዳሌ ወደዚያው ወገን እንዳያዘነብል የሚይዘው፥ በቆመው እግር በኩል ከዳሌ አጥንት ጐን ተነሥቶ ከጭን አጥንት ላይኛው ጫፍ ጋራ የተያያዘው ጡንቻ ነው።

የዚህን ጡንቻ ድካም በፊዚክስ በተማርነው የሚዛን ሕግ ማስላት ይቻላል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ባንድ እግሩ ቢቆም፥ የቆመበት እግር ራሱ 10 ኪሎ ያህል ስለሚሆን፥ በመገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈው የቀረው 50 ኪሎ ነው። ሸክሙ ከመገጣጠሚያው ያለው ርቀት ጡንቻው ካለው ርቀት እጥፍ ነው ብንል፥ ጡንቻው በ100 ኪሎ ኃይል መሳብ አለበት። መገጣጠሚያውን እንግዲህ 150 ኪሎ ይጫነዋል፤ ይኸውም የሰውዬው ክብደት ሁለት ጊዜ ተኩል ነው! ዳሌውን የሚያመው ሽማግሌ ምርኩዙን በጤነኛው ወገን እጅ ሲይዝ ሸክሙ የሚቀልለው በዚሁ ሕግ ነው።

ፍሪድሪኽ ትሬንዴለንቡርግ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1895 ዓ. ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ስለዚህ ነገር ጽፏል። ሰውዬው ባንድ እግሩ ሲቆም ባነሣው እግር በኩል ዳሌው ዝቅ ካለ፥ የደከመው በቆመበት በኩል ያለው ጡንቻ ነው። ከጓደኞቼ ጋራ ሞክረነዋል፤ ከኋላ ሆነን አውራ ጣታችንን በዳሌ አጥንት ጫፎች ላይ አድርገን 30 ሰከንድ ቈጠርን። አንዳንዱ ደረቱን ወደ ቆመበት እግር ዘንበል በማድረግ ሸክሙን ያቀልላልና፥ እንደ ግንበኛ ቱንቢ አንጠልጥሎ ማየት ይበጃል። ነገር ግን ጤነኛ ሁሉ ስለሚያልፈው፥ ከጤነኞች መካከል ማን እንደሚበልጥ በዚህ አይታወቅም።

ስለዚህ ኃይሉን በዲናሞሜትር ይለካሉ። ሰውዬው ተጋድሞ እግሩን ወደ ጐን ሲገፋ፥ ከቍርጭምጭሚቱ በላይ የተያዘው መሣሪያ 120 ኒውተን ቢያሳይ፥ ከመገጣጠሚያው 0.7 ሜትር ከራቀ 84፥ 0.8 ሜትር ከራቀ 96 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ርቀቱን ሳይለኩ አጭሩንና ረጅሙን ማወዳደር ከንቱ ነው።

ጽናት ግን ሌላ ነው። በጀርባው ከተኛ ሰው ወገብ ሥር የአየር ከረጢት አድርገው እስከ 40 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይነፉታል፤ ቀጥሎ እግሩን ቀስ ብሎ ያነሣል። መርፌው ካልተናወጠ ወገቡና ዳሌው ጸንተዋል፤ ከተናወጠ፥ እግሩ ሲሄድ እነርሱም አብረው ሄደዋል ማለት ነው። ጭኑ ብርቱ የሆነው ኳስ ተጫዋች መርፌውን ሊያናውጥ፥ ቀጭኑ ልጅ ሊያጸናው ይችላል።