ሀሳብም ሰደቃ ነው

 

ስለ የቲሞች በምንወያይበት መድረክ ሁሉ አስቀድሞ የሚነሳው የገንዘብ ጉዳይ ነው። ገንዘብ አስፈላጊ መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን ገንዘብ የሌለው ሰው ለየቲሙ የሚያበረክተው ነገር የለውምን? በዚህ ትምህርታችን የምንመለከተው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በልደታ ክፍለ ከተማ፣ ከጎረቤቶቻችን ጋር ሆነን ለየቲም ልጆች የትምህርት መሣሪያ ለመግዛት ገንዘብ አሰባስበን ነበር። ዋጋ እንዲቀንስልን ሁሉንም ቦርሳ ከአንድ ነጋዴ፣ በአንድ ቀለም ለመግዛት ተስማማን። ከግዢው በፊት በነበረው ስብሰባ ላይ፣ እንጀራ እየጋገሩ በመሸጥ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት ከበሩ አጠገብ እጃቸውን አነሱ። «ቦርሳው አንድ ዓይነት ባይሆን መልካም ነው፤ ልጆቹን ከጓደኞቻቸው ይለይባቸዋል» አሉ። እኛም መሽቷል ብለን ነገሩን አለፍነው።

ቦርሳው ተገዛ፤ ልጆቹ ተሰልፈው ተቀበሉ፤ እኛም ደስ ብሎን ተመለስን። ወር ሳይሞላ ግን ከልጆቹ አንዱ ደብተሮቹን በፌስታል ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ አገኘነው። ቦርሳው የት እንዳለ ስንጠይቀው አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። የክፍል ጓደኞቹ «የምጽዋት ቦርሳ» እያሉ ይስቁበት እንደነበር ኋላ ከእናቱ ሰማን።

አላህ (ሱ.ወ.) በአድ-ዱሓ ምዕራፍ የቲምን ከመጨቆን ከልክሎናል። እኛም ልጁን ልንረዳ ተነስተን ሳናስበው አሸማቀቅነው። የሚያሳዝነው፣ ከዚህ ስህተት የሚያድነን ምክር ቀድሞ ተሰጥቶን ነበር። በተከታዩ ዓመት በእኚያ እናት ሀሳብ መሠረት፣ እያንዳንዱ አሳዳጊ ልጁን ይዞ ሱቅ እንዲሄድ፣ ልጁም የወደደውን እንዲመርጥ፣ ሒሳቡን ግን እኛ በኋላ ለባለሱቁ እንድንከፍል አደረግን። የጨመርነው ገንዘብ ጥቂት ነበር፤ የጠበቅነው ግን የልጆቹን ክብር ነው።

ይህ መንገድ በሃይማኖታችን ታሪክ አዲስ አይደለም። በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ (627 እ.ኤ.አ.) መዲና ልትከበብ በተቃረበች ጊዜ፣ ቦይ ይቆፈር የሚለውን ሀሳብ ያቀረበው ከፋርስ አገር የመጣውና ባርነትን የቀመሰው ሰልማን አል-ፋሪሲ መሆኑ በሲራ መጻሕፍት ተመዝግቧል። ስልቱ በዐረቦች ዘንድ ያልተለመደ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን የተናጋሪውን ጎሣና ሀብት ሳይሆን የሀሳቡን ጥቅም ተመለከቱ፤ በቁፋሮውም ራሳቸው ተሳተፉ። እንዲሁም በአንድ ዘገባ መሠረት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለሕዝቡ ሲናገሩ የሚቀመጡበት ሚንበር እንዲሠራ ሀሳብ ያቀረበችው አንዲት የአንሷር ሴት ናት፤ አናጺ አገልጋይ ነበራትና። ዛሬ በየመስጊዱ የምናየው ሚንበር ጅማሬው እንዲህ ካለ ቅን ሀሳብ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስም ተመሳሳይ አብነት እናገኛለን። ዕድር የተመሠረተው ሟችን በክብር ለመሸኘትና ሐዘንተኛን ለማጽናናት ነው። የኤች አይ ቪ በሽታ ብዙ ወላጆችን በነጠቀበት ዘመን ግን በአዲስ አበባ ያሉ በርካታ ዕድሮች፣ ለሞተው የምንደርስ ከሆነ ከኋላው ለቀረው ሕፃን ለምን አንደርስም ብለው ሥራቸውን አሰፉ። የሟቾቹን ቤት ደጅ ያውቁ የነበሩት እነዚሁ ጎረቤቶች ናቸውና፣ የትኛው ልጅ ያለ አሳዳጊ እንደቀረ የሚነግራቸው አላስፈለጋቸውም።

የወይዘሮ አበበች ጎበናም ታሪክ ይህንኑ ያስተምራል። በ1972 ዓ.ም. ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሲጓዙ በወሎ በድርቅ የተጎዳ ሕዝብ አዩ፤ ሁለት ሕፃናትንም ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ደረሱ። ቤተሰባቸው ባይደግፋቸውም በሐሳባቸው ጸንተው፣ ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ለብዙ ሺህ ሕፃናት የተረፈ ተቋም አቆሙ። ሲጀምሩ ሥልጣን አልነበራቸውም፤ የነበራቸው አስተዋይ ልብ ነው።

ሀሳብን መሰብሰብ ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑን ደግሞ ከሕንድ እንማራለን። ፕሮፌሰር አኒል ጉፕታ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ «የማር ንብ» የተባለውን መረብ አቋቁመው፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር መንደር ለመንደር በእግር እየተጓዙ የገበሬውንና የእጅ ባለሙያውን ፈጠራ መዝግበዋል። መመሪያቸው፣ ንብ ከአበባ ስትቀስም አበባውን እንደማትጎዳ ሁሉ፣ ሀሳብ ሰጪው ስሙ ይጠበቅለት፤ የተሰበሰበውም በሚገባው ቋንቋ ይመለስለት የሚል ነው።

እንግዲህ በየሰፈራችን ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ሰውን ወደ ስብሰባ ከመጥራት ይልቅ ወዳለበት እንሂድ። የጉልት ነጋዴዋ፣ የሊስትሮው ልጅና የጥበቃ ሠራተኛው በስብሰባ የማይናገሩትን በሥራ ቦታቸው ይነግሩናል። ሁለተኛ፣ የተነገረውን ከባለቤቱ ስም ጋር በመዝገብ እንጻፍ፤ ሀሳብ አማና ነውና የሌላውን ምክር የራሳችን አድርገን አናቅርብ። ሦስተኛ፣ ሀሳብ ሁሉ ትክክል ስላልሆነ ከዐዋቂዎች ጋር እንመርምረው፤ በጥቂቱም እንሞክረው። አራተኛ፣ ውጤቱን ለሰጪው እንንገር። ያልተቀበልነው ከሆነ ምክንያቱን እናስረዳ፤ መልስ ያላገኘ ሰው ዳግመኛ አይናገርምና። አምስተኛ፣ የሠራልንን ለሌላው ሰፈር እናካፍል።

ከሁሉ በላይ የቲሞቹን ራሳቸውን እንጠይቅ። የሚያስፈልጋቸውንና የሚያሳፍራቸውን ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። በልደታ ብዙ የቆዩ ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ሩቅ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በተበተነበት በዚህ ዘመን፣ የጎረቤትን ችግር በዓይን አይቶ ማወቅ እየከበደ ሄዷል። ስለዚህ ቀድሞ ሳንጠይቅ እንሰማው የነበረውን ዛሬ ሄደን መጠየቅ ግዴታችን ሆኗል።

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። የየቲም ጉዳይም ለጥቂት የኮሚቴ አባላት ሸክም ነው፤ ብዙዎች ሲመክሩበት ግን ይቀላል። ውድ አንባቢያን፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ላይ መሽቷል ብላችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ከበሩ አጠገብ የተቀመጠውን ሰው ጠይቁ። ምናልባት አንድን ልጅ ከኀፍረት የሚያድነው ቃል ከእርሱ ዘንድ ይሆናል።

አላህ ሰምተው መልካሙን ከሚከተሉት ያድርገን። አሚን።