ከልክ ያለፈ ውፍረትን የሚያጠኑና የሚያክሙ ባለሙያዎች፦ ምን ይማራሉ? የት ይገናኛሉ?

ይህን ጽሑፍ የምንጀምረው ከራሳችን ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በስፖርት ቀን የተማሪዎችን ጤና እንከታተላለን ብለን ሚዛን በግቢው መካከል አቆምን። ልጆቹን አሰልፈን አንድ በአንድ መዘንን፤ መዝጋቢው መምህር እንዲሰማም ኪሎውን ጮክ ብለን ጠራን። በማግስቱ ለአንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪያችን የተጠራው ቁጥር ቅጽል ስሟ ሆኖ ዋለ። ሳምንት ሳይሞላ ከትምህርት ቤት ቀረች። እናቷ ቢሯችን መጥተው የተናገሩት አጭር ነበር፦ «ልጄን የላክኋት እንድታስተምሯት ነው፤ ከብት ገበያ አላወጣኋትም።» መልስ አልነበረንም። ይቅርታ ጠየቅን። ልጅቷ ከአሥር ቀን በኋላ ተመለሰች።

በዚያው ወር እዚህ ናይሮቢ የሥነ ምግብ ባለሙያ የሆኑ አንዲት የተማሪ እናት ለመምህራን ገለጻ እንዲያደርጉልን ለመንናቸው። ስለ አመዛዘን ብቻ የሚነግሩን መስሎን ነበር። እርሳቸው ግን ስለ ሙያቸው፣ ስለ ሥራ ባልደረቦቻቸውና ስለሚሳተፉባቸው ጉባኤዎች ሲያወሩ ሁለት ሰዓት አለፈ። ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የወደፊት ትምህርታቸውን ስናማክር ይህን ዘርፍ አንድም ቀን አንስተን እንደማናውቅ የገባን ያን ዕለት ነው። እዚህ የምናቀርበው ከዚያ ወዲህ አንብበን የያዝነውን ነው።

በእኛ ዘንድ «ወፈርክ» ማለት ምርቃት ይመስላል። ከአገር ቤት የመጣ ዘመድ «ተመችቶሃል» ሲለን ደስ ይለናል፤ የከሳ ልጅ ስናይ ደግሞ እናቱን እንጠይቃለን። ረሃብን የሚያውቅ ሕዝብ እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅት ከልክ ያለፈ ውፍረትን ሥር የሰደደ በሽታ ይለዋል፤ ከስኳር በሽታ፣ ከደም ግፊትና ከአንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች ጋርም ያያይዘዋል። በድርጅቱ አኃዝ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከስምንት ሰዎች አንዱ ይህ ችግር ነበረበት። ነገሩ የሩቅ አገር ወሬም አይደለም። በኬንያ በ2014 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 33 በመቶው ክብደታቸው ከሚፈለገው በላይ ነበር። በኢትዮጵያ በ2016 የተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ደግሞ 22 በመቶው ሴቶች ከሚገባው በላይ የከሱ፣ 8 በመቶው ከሚገባው በላይ የወፈሩ መሆናቸውን አሳይቷል። ሁለቱ ችግሮች በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ተማሪዎች የሒሳብ ደብተራችሁን አውጡ። ባለሙያዎች በመጀመሪያ የሚጠቀሙበት ስሌት ቢ.ኤም.አይ. ይባላል፤ ክብደትን በኪሎ ወስዶ በሜትር ለተለካ ቁመት ስኩዌር ማካፈል ነው። ቁመቷ 1.60 ሜትር፣ ክብደቷ 64 ኪሎ የሆነች መምህርት ብትኖረን፣ 1.60 በ1.60 ሲባዛ 2.56 ይሆናል፤ 64 ለ2.56 ሲካፈል 25። ለአዋቂ ሰው ከ25 ጀምሮ ክብደት በዛ ይባላል፤ ከ30 ጀምሮ ደግሞ ከልክ ያለፈ ውፍረት። ለእናንተ ግን ይህ መስፈርት አይሠራም። የልጅና የወጣት ልኬት የሚነበበው በዕድሜና በጾታ ተለይቶ በተዘጋጀ የዕድገት ሰንጠረዥ ነው። እኛ በስፖርቱ ቀን የጠራነው ቁጥር፣ ማሳፈሩ ሳያንስ፣ ምንም የማይነግረን ቁጥር ነበር ማለት ነው!

ስሌቱን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያወጣው አዶልፍ ኬትሌ የተባለ ቤልጂጋዊ የሥነ ፈለክና የስታቲስቲክስ ሊቅ ነው እንጂ ሐኪም አልነበረም። ጡንቻን ከስብ አይለይም፤ ስቡ በሆድ አካባቢ ይሁን በዳሌ አይናገርም። በዚህ የተነሳ ክርክሩ ዛሬም አላበቃም። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አንድ ዓለም አቀፍ የሊቃውንት ጉባኤ በታዋቂው ላንሴት መጽሔት ሥር ባወጣው ጽሑፍ፣ ቢ.ኤም.አይ. ብቻውን ለምርመራ እንዳይበቃና ውፍረቱ የሰውነትን ሥራ ማወክ አለማወኩም እንዲታይ ሐሳብ አቅርቧል። በዘርፉ ገና ያልተፈታ ብዙ ጥያቄ አለ የምንለው ለዚህ ነው።

«ወፍራም ሰው ሰነፍ ነው» የሚለው አባባልም በላቦራቶሪ ተፈትኗል። በ1994 ኒውዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ፍሪድማንና የሥራ ባልደረቦቹ ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን አገኙ። ሌፕቲን የሚመነጨው ከራሱ ከስብ ሕዋስ ሲሆን፣ ምን ያህል ስብ እንደተከማቸ ለአንጎል ይነግራል። አንጎል መልእክቱን ካላገኘ ሰውየው ቢበላም ይርበዋል። እርግጥ በብዙ ሰዎች ላይ ችግሩ የሌፕቲን እጥረት አይደለም፤ ግኝቱ ግን ረሃብና ጥጋብ በፈቃድ ብቻ የሚታዘዙ እንዳልሆኑ አሳየ።

ታዲያ እዚህ ሙያ ውስጥ ማን ይሠራል? ወላጆች ልጃችሁ ሐኪም እንዲሆን ብቻ ትጠብቃላችሁ፤ እኛም ያንን ስናበረታታ ኖረናል። የሆርሞን ሐኪሙ፣ የሕፃናት ሐኪሙ፣ ጨጓራን በቀዶ ጥገና የሚያሳንሰው ሐኪም በእርግጥ አሉበት። ከእነርሱ ጎን ግን የሥነ ምግብ ባለሙያው፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ፣ የስታቲስቲክስ ሠራተኛው፣ ከተማ ሲሠራ የእግር መንገድ የሚያቅደው፣ በለስላሳ መጠጥ ላይ የሚጣል ግብር ምን እንደሚያመጣ የሚያሰላው ኢኮኖሚስት ጭምር አሉ። ባዮሎጂ የሚከብደው፣ ሒሳብ ግን የሚወድ ልጅ ቦታ አለው። ኬንያ ውስጥ በሥነ ምግብ ሙያ ለመሥራት በ2007 በወጣው አዋጅ በተቋቋመው የሙያ ተቋም መመዝገብ ግዴታ ነው። ትምህርቱን የናይሮቢና የኬንያታ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣሉ፤ አገር ቤት መግባት ለሚፈልግም አዲስ አበባና ጅማ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ምርምር ለሚስበው ደግሞ የአፍሪካ የሥነ ሕዝብና ጤና ምርምር ማዕከል ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ናይሮቢ ነው።

ባለሙያዎቹ የሚገናኙት በጉባኤ ነው። የዓለም ኦቢሲቲ ፌዴሬሽን ዓለም አቀፍ ጉባኤውን በ2022 ሜልበርን፣ በ2024 ሳኦ ፓውሎ ላይ አካሂዷል። የአውሮፓው ማኅበር ጉባኤ በ2024 ቬኒስ፣ በ2025 ማላጋ ነበር። አሜሪካኖቹም በየዓመቱ «ኦቢሲቲ ዊክ» የሚሉት ሳምንት አላቸው። በየዓመቱ ማርች 4 የሚከበር የዓለም ቀንም አለ። ለአህጉራችን የሚቀርበው የአፍሪካ የሥነ ምግብ ኤፒዲሚዮሎጂ ጉባኤ ሲሆን፣ በ2018 አዲስ አበባ ላይ ተሰብስቦ ነበር። ጉባኤ መሄድ የማይችል ሐኪም ወይም ነርስ ፌዴሬሽኑ «ስኮፕ» በሚል ስም በኢንተርኔት የሚሰጠውን ኮርስ ተከታትሎ የምስክር ወረቀት ሊያገኝ ይችላል።

ጉባኤ ሲባል ባለሥልጣን ንግግር የሚያደርግበት፣ ሌላው የሚያጨበጭብበት ስብሰባ እንዳይመስላችሁ። ከወራት በፊት ጥሪ ይወጣል። መሳተፍ የሚፈልግ ተመራማሪ የሥራውን ማጠቃለያ፣ ማለትም ምን እንደጠየቀ፣ እንዴት እንደለካ፣ ምን እንዳገኘ፣ ምን ማለት እንደሆነ፣ በጥቂት መቶ ቃላት ጽፎ ይልካል። ሌሎች ባለሙያዎች ገምግመው ይቀበሉታል ወይም ይጥሉታል። የተቀበሉት በንግግር ወይም በፖስተር ይቀርባል። በፖስተር የሚያቀርብ ወጣት ከሥራው አጠገብ ቆሞ፣ የዘርፉ አንጋፋ መጥቶ «ይህን እንዴት ለካኸው?» ሲለው መልስ ይሰጣል። ብዙ የሥራ ቅጥርና የትምህርት ዕድል የሚገኘው ከእንዲህ ያለው ጭውውት ነው። ለተማሪዎችና አነስተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚመጡ ክፍያ የሚቀንሱ፣ የጉዞ ድጋፍም የሚሰጡ ጉባኤዎች አሉ። ከባዱ ማጠቃለያውን በቀነ ገደቡ መጻፍ ነው፤ የቤት ሥራ በመጨረሻው ሌሊት የምትሠሩ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

የእኛ ልጆች እዚያ መቆማቸው ለምን ያስፈልጋል? ባለሙያዋ የነገሩንን አንድ ምሳሌ እናንሳ። የአመጋገብ ጥናት አንዱ ዘዴ ሰውን «ባለፉት 24 ሰዓታት ምን ምን በላህ? ምን ያህል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጥያቄው ሁሉም ሰው በየግል ሳህኑ እንደሚበላ ያስባል። አምስት ሰው አንድ ገበታ ከቦ ሲበላ የእያንዳንዱ ድርሻ እንዴት ይለካል? ጉርሻ ለማን ይቆጠራል፣ ለአጉራሹ ወይስ ለጎራሹ? (መምህራኑ ሁሉ ሳቁ፤ እርሳቸው ግን ቀልድ አልነበረም።) ጥናቱ በዐቢይ ጾም ከተደረገ ሥጋና ወተት የማይበላ ሕዝብ ይገኛል፤ በፋሲካ ሳምንት ከተደረገ ሌላ ሕዝብ። የጾም ምግብ ያለ ዘይት የሚበላና ዘይት የሚበዛበት ቤትም አንድ አይደሉም። በዚህ ገበታ ያደገ ተመራማሪ ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፤ ሌላው ተሳስቶ ነው የሚማረው።

ባለፈው ዓመት አንድ ሙከራ አደረግን። አራት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች በትምህርት ቤታችን ሱቅ የሚሸጡትን መጠጦች መለያ ወረቀት አነበቡ። በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ስኳር የተጻፈበት ባለ 500 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 50 ግራም ስኳር ይይዛል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ስለሆነ ከ12 ማንኪያ በላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ወደ 25 እንዲወርድ ይመክራል። ልጆቹ ይህን በ200 ቃላት ጽፈው፣ ፖስተር ሠርተው በወላጆች ቀን አጠገቡ ቆሙ። ከአራቱ አንዷ ያቺ በስፖርት ቀን የመዘንናት ተማሪ ነበረች፤ የገባችው በራሷ ፈቃድ ነው። ሚዛኑ ዛሬ በመጀመሪያ ሕክምና ክፍል በተዘጋ በር ውስጥ ይገኛል፤ ውጤቱንም ከልጁና ከወላጁ በቀር የሚሰማው የለም።

በዚያ ቀን አንዲት እናት ፖስተሩን አንብበው ጨረሱና «የሱቁን ለካችሁ፤ እኛ ቤት የሚፈላው ሻይስ?» ሲሉ ጠየቁ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ደብተር አውጥታ ጥያቄውን ጻፈች፤ በዚህ ዓመት የሚለኩት እርሱን ነው። በየቤታችሁ በሻይ ሰዓት ማንኪያ ለመቁጠር ሲመጡ በሩን ክፈቱላቸው።