የመኖሪያ ቤት ለሚያሠራ ነጋዴ ስለ ግንባታ ውል የሚጠቅም ትምህርት

ከውጭ አገር ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ናሙናውን ሳያይ፤ ዋጋውን በጽሑፍ ሳይቀበል፤ የዕቃውን ዓይነትና መጠን በየረድፉ ሳያስገባ አያዝም። ገንዘቡም ለላኪው የሚለቀቀው ዕቃው በመርከብ መጫኑን የሚያረጋግጡት ሰነዶች በባንክ በኩል ሲቀርቡ ነው። ይኸው ጥንቁቅ ሰው ግን ለራሱና ለቤተ ሰቡ መኖሪያ ቤት ለማሠራት በተነሣ ጊዜ፤ ስሙን ከጎረቤት የሰማውን አንድ ሥራ ተቋራጭ ጠርቶ፤ ቡና እየጠጣ በዋጋ ተስማምቶ፤ የገንዘቡን እኩሌታ በቅድሚያ ሲያስረክብ ይታያል። ብዙው የግንባታ ጠብ የሚፀነሰው በዚያች ቀን ነው። ለባለቤቱ የሚገለጥለት ግን ከወራት በኋላ፤ ግድግዳው ከመስኮት በላይ ሳያልፍ ሠራተኛው ሲበተን ነው።

ሥራ ተቋራጩን በሚመርጥበት ጊዜ የንግድና የሙያ ፈቃዱን መመልከት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ፈቃድ ብቻውን የእጁን ሥራ አይናገርም። ከሁሉ የሚሻለው ሰውየው ከዚህ በፊት የሠራቸውን፤ ቢያንስ 3 ክረምት ያለፈባቸውን ቤቶች ሄዶ ማየት ነው። አዲስ የተቀባ ቤት ሁሉ ያምራል፤ የጣሪያው ማፍሰስና የግድግዳው መሰንጠቅ የሚታወቀው ዝናብና ፀሐይ ከተፈራረቁበት በኋላ ነው። ከባለቤቶቹም ቤቱ በተባለው ጊዜ አልቆ እንደ ሆነ፤ በመካከሉ ጭማሪ ገንዘብ ተጠይቀው እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከዚህ ቀጥሎ የዋጋ ነገር ይመጣል። «በካሬ ሜትር ይህን ያህል» የሚባለው አነጋገር ለግምት እንጂ ለውል አይበቃም። ጨርቅ ነጋዴ በማዘዣው ላይ «ጥሩ ጨርቅ» ብሎ እንደማይጽፍ ሁሉ፤ በግንባታ ውልም «ጥሩ በር»፤ «ደኅና ቀለም» የሚል ቃል ሊኖር አይገባም። በሩ ከምን እንጨት ወይም ከምን ብረት እንደሚሠራ፤ ብሎኬቱ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚሆን፤ ፌሮው ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ፤ የወለሉ ንጣፍ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚዘረዝር የሥራና የዋጋ ሠንጠረዥ ከፕላኑ ጋር ተያይዞ በየገጹ መፈረም አለበት። ከመቶ 15 የሚታሰበው የተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ውስጥ መግባቱ ወይም አለመግባቱም በግልጽ ይጻፍ። የግንባታ ፈቃድ ሳይወጣ አንድ አካፋ አፈር እንኳ መነሣት እንደሌለበት ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም።

በአዲስ አበባ ለሚሠራ ሰው ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው መሠረቱ ነው። በቦሌ፤ በአቃቂና በሌሎችም ሜዳማ ሠፈሮች ብዙ ቦታ ላይ የሚገኘው ጥቁር አፈር፤ ዋልካ ወይም ኮትቻ የሚባለው፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይኮማተራል፤ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅም ያወጣል። በዚህ አፈር ላይ ጥልቀት በሌለው መሠረት የቆመ ቤት ከዓመት ዓመት ሲነሣና ሲወርድ ይኖራል፤ ግድግዳውም ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ጀምሮ በሰያፍ ይሰነጠቃል። መድኃኒቱ አፈሩን ቆፍሮ አውጥቶ በገረጋንቲ እየደለደሉ መሙላት፤ ወይም መሠረቱን ጽኑ ወደሆነው መሬት ማውረድ፤ የዝናቡንም ውሃ ከቤቱ ግርጌ ማራቅ ነው። ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። ርካሽ ዋጋ የሚያቀርብ ሥራ ተቋራጭ ብዙ ጊዜ ዋጋውን የሚቀንሰው ከዚሁ ከማይታየው ክፍል ላይ ነው፤ ቀለምና ንጣፍ ቢቀንስ ይታይበታልና። ስለዚህ አፈሩ በባለሙያ ሳይመረመር የመሠረቱን ዋጋ ቆርጦ መዋዋል ለሁለቱም ወገን አደገኛ ነው። ቁፋሮውም ዝናቡ ካቆመ በኋላ በጥቅምት ቢጀመር፤ ጣሪያው ሰኔ ሳይገባ ሊለብስ ይችላል።

የዕቃ ዋጋ መናር ሌላው የጠብ ምንጭ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1764 እንደሚያመለክተው፤ ሁኔታው ተለውጦ የአንደኛው ተዋዋይ ግዴታ ካሰበው ይልቅ ቢከብድበትም ውሉ እንደጸና ይኖራል። በዚህ መሠረት ሲሚንቶ ስለተወደደ ብቻ ሥራ ተቋራጩ ከውሉ ሊወጣ አይችልም። ሆኖም ሕጉ ከባለቤቱ ጋር መሆኑ ቤቱን አያስጨርስም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ በፊት በቁርጥ ዋጋ የተዋዋለ፤ ዕቃውንም አስቀድሞ ያልገዛ ሰው እንዴት እንደሚቸገር አስመጪዎች ከሌላው ሰው ይልቅ ያውቁታል። ካፒታሉ ያለቀበትን ሰው ከስሶ መርታት ባዶ ካዝና እንደ መውረስ ነው። የሚሻለው፤ የፌሮና የሲሚንቶ ዋጋ ውሉ በተፈረመበት ቀን ስንት እንደነበረ በውሉ መጻፍ፤ ከተወሰነ መጠን በላይ ቢወጣም ሆነ ቢወርድ ልዩነቱ እንዴት እንደሚታሰብ አስቀድሞ መስማማት ነው።

ስለ ክፍያ ነጋዴው ከራሱ ሙያ መማር ይችላል። ገንዘብ መከተል ያለበት የተለካ ሥራን እንጂ የቀን መቁጠሪያን ወይም ወዳጅነትን አይደለም። መሠረቱ ሲያልቅ፤ ኮለኑና ግድግዳው ሲቆም፤ ሶሌታው ሲፈስ፤ ጣሪያው ሲለብስ፤ ልስኑ ሲፈጸም፤ በየደረጃው ባለቤቱ ራሱ የቀጠረው መሐንዲስ ለክቶ ሲፈርም ይከፈል። ይህ መሐንዲስ ደመወዙን ከሥራ ተቋራጩ የሚቀበል ከሆነ ግን ቁጥጥር የለም። ከየክፍያውም ከመቶ 5 ወይም 10 እጅ ተቀንሶ እስከ ርክክቡ ድረስ ቢያዝ ትናንሽ ጉድለቶችን ያስጨርሳል። ቅድሚያ ክፍያ የሚሰጥ ከሆነ በባንክ ዋስትና ይሁን። ለትንሽ ሥራ ተቋራጭ ባንክ ዋስ አይሆንለት ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ ባለቤቱ ዕቃውን ራሱ እየገዛ ሰውየውን በእጅ ዋጋ ማሠራት ይችላል። ይህም ያለ ዕዳ አይደለም፤ የብክነቱና የስርቆቱ ጉዳት ወደ ባለቤቱ ይዞራልና፤ በደብተር የሚያስገባና የሚያስወጣ የታመነ ግምጃ ቤት ጠባቂ ማቆም ያስፈልጋል።

ዕቃውን ለመቆጣጠር የነጋዴ ሚዛን ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በሜትር 0.888 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ርዝመቱ 12 ሜትር የሆነው አንዱ ዘንግ ወደ 10.7 ኪሎ ግራም ማለት ነው። ባለ 8 ሚሊ ሜትሩ ዘንግ 4.7 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ከዚህ እጅግ የቀለለ ፌሮ በስሙ 12 ይባል እንጂ 12 አይደለም። አሸዋውን ደግሞ በጠርሙስ እስከ ግማሽ አድርጎ፤ ውሃ ጨምሮና በጥብጦ ማሳደር ነው፤ ጭቃው ከአሸዋው በላይ ተለይቶ ይታያል። አርማታ ከፈሰሰ በኋላም ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ሊጠጣ ይገባዋል። የእሑድን ዕረፍት ሰበብ አድርጎ ሶሌታውን በፀሐይ የሚያደርቅ ዘበኛ ከሌባ የማይተናነስ ጉዳት ያደርሳል።

ጠቡ ሁሉ ግን ከሥራ ተቋራጩ የሚመጣ አይደለም። ጧት ባለቤቱ፤ ከቀትር በኋላ ባለቤቲቱ፤ በሰንበት ደግሞ ወንድማቸው እየመጡ «ይህ መስኮት ይስፋ፤ ማድ ቤቱ ወደዚያ ይዙር» እያሉ በቃል ያዝዛሉ። ግንበኛው ይታዘዛል፤ ሒሳቡ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ማዘዝ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን፤ ለውጥም ሁሉ የዋጋውና የጊዜው ልዩነት ተጽፎ ከተፈረመ በኋላ እንጂ እንደማይሠራ በውሉ መግባት አለበት። የቤተ ሰቡን ሰላም ከሚጠብቁት አንቀጾች አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሕጉ በጽሑፍ ስለሚደረግ ውል የተዋዋዮቹን ፊርማና 2 ምስክሮችን ስለሚጠይቅ፤ የቤት ሥራ ውልም በዚሁ ሥርዓት ቢጻፍ ይበጃል። ሥራው ቢቆም ወይም ቢበላሽ ወዲያው በቁጣ ሌላ ሠራተኛ ማስገባት አይገባም፤ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ውሉ አልተፈጸመም ብሎ ለመከራከር በቁጥር 1772 መሠረት አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋልና። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ሆኖ የደረሰበት ቀን የተመዘገበ ይሁን፤ የቆመውም ሥራ በመሐንዲስ ተለክቶ፤ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይያዝ።

በርክክብ ጊዜ የሚታየው ጉድለት ሁሉ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ፤ የሚታይን ጉድለት ዝም ብሎ የተቀበለ ሰው ኋላ ለመጠየቅ ይቸገራል። ስለማይታየው ግን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3039 ለባለቤቱ ጠንካራ ጋሻ ሰጥቶታል፤ ሥራ ተቋራጩ ስለ ሥራው በደንብ መፈጸምና ስለ ጽናቱ ከርክክቡ ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው፤ በመሬቱ ጠባይ ምክንያት ለሚደርሰውም ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር የውል ቃል ቢገባም አይጸናም። ስለዚህ ውሉ፤ ፕላኑ፤ የአፈሩ ምርመራ ውጤት፤ የክፍያ ደረሰኞችና የርክክቡ ቃለ ጉባኤ በአንድ መዝገብ ታስረው 10 ዓመት ሙሉ ሊቀመጡ ይገባል። የቧንቧውና የኤሌክትሪኩ መሥመር በየት በየት እንዳለፈ የሚያሳየው ሥዕልም አብሮ ይታሰር፤ ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ መሥመሩን የሚያውቀው የዘረጋው ሠራተኛ ብቻ ነውና።