በባልንጀራው ጽዋ ውስጥ ስለሚሸምቅ ሰው

ስለ ስካር የተጻፉ ትምህርቶች ብዙዎች ናቸው፤ ሁሉም ማለት ይቻላል የሚገሥጹት የሚጠጣውን ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን የምንናገረው ባልንጀራውን በተንኮል ስለሚያሰክረው ሰው ነው።

ንጉሥ ዳዊት በኦርዮ ላይ ያደረገውን በ2ኛ ሳሙኤል በ11ኛው ምዕራፍ አንብቡ። ስለ ቤርሳቤህ እንሰብካለን፤ ኦርዮ በሰልፍ ስለ መሞቱም እንሰብካለን፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ማዕድ ግን ፈጥነን እናልፈዋለን። ንጉሡ ወታደሩን ወደ ገበታው ጠርቶ እስኪሰክር ድረስ አጠጣው፤ ይኸውም ፈቃዱ ደክሞ ንጉሡ ወደ ወደደው ስፍራ እንዲሄድ ነው። በዘፍጥረት 19ኛው ምዕራፍም ሎጥ በሁለት ሌሊት ወይን ተሰጥቶት የሆነበትን ሳያውቅ ነጋ። ነቢዩ ዕንባቆምም በ2ኛው ምዕራፍ በ15ኛው ቁጥር ወዮታውን የሚያወርደው በጠጣው ላይ ሳይሆን ባጠጣው ላይ ነው።

ይህ ተንኮል በዘመናችንም አልጠፋም። በእንግሊዝና በዌልስ ፖሊስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2022 እስከ 2023 ባለው አንድ ዓመት ውስጥ 6,732 እንዲህ ያለ አቤቱታ ተቀብሏል። ወደ እኛ እንመለስ። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የመንገደኛና የነጋዴ ከተማ ናት፤ በ2004 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው በጉብሬ ከተመሠረተ ወዲህ ደግሞ ከአገሩ ሁሉ የመጡ ወጣቶች ይኖሩባታል። እናትና አባት ሩቅ ናቸው። ልደት ነው፥ ፈተና አለቀ፥ ምረቃ ደረሰ እየተባለ በማታ ይወጣል። ከቀትር በኋላ ጫት ቅመው ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጡም አሉ፤ ይህንንም «ጨብሲ» ይሉታል። የጫቱ ንቃት ስካሩን ስለሚሸፍን ሰውየው ምን ያህል እንደ ጠጣ አይታወቀውም፤ ለተንኮለኛም ይመቻል።

ብዙዎች በጽዋ ውስጥ የሚጨመረው እንግዳ መርዝ ብቻ ይመስላቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚጨመረው ራሱ መጠጥ ነው፤ በቢራ ላይ አረቄ፥ በለስላሳ ላይ ሽታው የማይጎላ ቮድካ። ከዚህ ሌላ ሐኪም ለእንቅልፍና ለጭንቀት የሚያዝዛቸው ክኒኖች አሉ፤ ከአልኮል ጋር ሲገናኙ ትንፋሽን እስከ ማድከም ይደርሳሉ። ምልክቱም ሰው ከጠጣው መጠን በላይ ሲሰክር፥ አንደበቱ ሲተሳሰር፥ ጉልበቱ ሲከዳው፥ በነጋም ጊዜ የሌሊቱ ነገር ከልቡ ሲጠፋ ነው።

እዚህ ላይ እኛን የማይጠጡትን የሚመለከት ነገር አለ። «ለስላሳ ብቻ ነው የያዝሁት» የምትል እኅት ራሷን አትጠብቅም፤ ሰውነቷም መጠጥ ስላለመደ ጥቂቱ ይጥላታል። አንዳንድ ወንድሞች «ታዲያ ከቤት አይውጡ» ይሉኛል። እኔም የምሽት መጠጥ ቤትን አላመሰግንም። ነገር ግን ኦርዮ መጠጥ ቤት አልሄደም፤ የተጠራው ወደ ንጉሥ ማዕድ ነው።

ስለዚህ ጠርሙሱ በፊታችሁ ይከፈት፤ ትታችሁት የተነሣችሁበትን ብርጭቆ መልሳችሁ አትጠጡ፤ ደግ ቢመስልም የማታውቁት ሰው የቀዳውን አትቀበሉ። ከጉብሬ አብራችሁ ወደ ወልቂጤ ከወረዳችሁ አብራችሁ ተመለሱ። ጓደኛችሁ ድንገት ሲደክም «እኔ አደርሳታለሁ» ብሎ የሚቸኩል ሰው ቢነሣ፥ የምታውቁት እንኳ ቢሆን ብቻዋን አትስጡት። ለወንድ ጓደኛችሁም እንዲሁ አድርጉ፤ ወንዱም ይዘረፋል፥ ይደፈራልም።

የወደቀውን በጎኑ አስተኙት እንጂ በጀርባው አይሁን፤ ትውከቱ ያንቀዋልና። ቡና ማጠጣት፥ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ አይረዳም። ሲጠሩት የማይነቃ ወይም ትንፋሹ የዘገየ ከሆነ ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ሐኪሙንም አትዋሹት፤ ጫትም ቢሆን ክኒንም ቢሆን ያያችሁትን ንገሩት።

የተደፈረ ሰው ካለ ሰዓቱ ይቆጠራል። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ እርግዝናን የሚከላከለውም እስከ 5 ቀን ቢሰጥም በፈጠነ መጠን ይሻላል። በጽዋ ከሚጨመሩት አንዳንዶቹ ከ12 ሰዓት ገደማ በኋላ በሽንት ውስጥ አይገኙም። ስለዚህ ሳይታጠቡ፥ የለበሱትን ልብስ በወረቀት ከረጢት ይዘው መሄድ ይገባል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 ሴትን ራሷን እንድትስት ወይም መከላከል እንዳትችል አድርጎ የሚደፍራትን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ጠጥታ ነበር ማለት በዚያ አንቀጽ ውስጥ ማመካኛ ሆኖ አልተጻፈም።

እነዚያ ሰዓታት ግን በፍርሃት ያልፋሉ። ልጅቱ የምትፈራው ፖሊስን ብቻ አይደለም፤ የመዘምራን ጓደኞቿን፥ የማኅበሩን ሽማግሌዎች፥ በበዓል ወደ አገሯ ስትመለስ የሚጠብቃትን የጎረቤት አፍ ትፈራለች። እናንተ ሽማግሌዎች ሆይ፤ እንዲህ ያለች ልጅ ወደ ደጃችሁ ብትመጣ «በዚያ ሰዓት ምን ትሠሪ ነበር?» የሚለውን ጥያቄ ተዉት። ሐኪም አይቷት እንደ ሆነ ጠይቁ፤ አላያት እንደ ሆነም ከሴቶቹ አንዲቱ ተነሥታ አብራት ትሂድ፤ ጸሎቱ በመንገድም ይደርሳል።